በጭስ ውስጥ መስመር የፈለገው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ ከቢሮው እምብዛም የማይወጣ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ» ሲሉ ጀመሩ መምህሩ። የሚነግሯት የእሳት አደጋ ሥልጠና ለምትወስድ አንዲት ወጣት ነው። ወጣቷ ምናባዊ ቦታን እንደ እውን የሚያሳየውን የቪአር መነጽሯን አውልቃ፣ «መምህር፣ ትናንት ጨዋታው ላይ መውጫውን የሚያሳይ አረንጓዴ መስመር ነበረ። ዛሬ ለምን አጠፉብኝ? አራት ጊዜ ጠፋሁ እኮ!» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ፋብሪካው ለአለቆቹ እንዲህ ያለ ጨዋታ አስመጣላቸው። መነጽሩን ሲያጠልቁት ፋብሪካው ራሱ ከነማሽኖቹ፣ ከነበሮቹ ፊታቸው ይቆማል። እሳት ይነሣል፤ ጭስ ይሞላል፤ ወለሉ ላይ አረንጓዴ መስመር ይበራል። እሱን ተከትሎ ቶሎ የወጣ ያሸንፋል። ያ ሰው ሃያ ጊዜ ተጫወተ፤ ሃያ ጊዜም ወጣ። አንደኛ ሆነና የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ቢሮው ሰቀለው። የጽዳት ሠራተኞቹን ግን ለሥልጠናው የጠራቸው አልነበረም።

«ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥጡ ተያያዘ። መብራት ጠፋ፤ ጭሱ እስከ ጉልበት ወረደ። ስድስት ሠራተኞች በልብሳቸው አፋቸውን ይዘው አለቃቸው ዘንድ ተሰበሰቡ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ወለሉ ጥቁር ነው። የሚከተለው መስመር የለም፤ ግን ሰዎቹ እየጠበቁት ነውና አላውቅም ለማለት አፈረ።

«‹በዚህ ነው› አለና ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እጁን ያዘችው። ‹አለቃ፣ በዚያ በኩል መውጫ የለም፤ የቀለም መጋዘኑ ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫው በር በስተግራ ነው። በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ግድግዳውን እየዳሰስን እንሂድ› አለችው።

«‹ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ተከተሉኝ!› ብሎ እጁን መነጨቃት።

«ሁለቱ ከሴትዮዋ ጋር ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። ሦስቱ አለቃቸውን አምነው ተከተሉት። መጋዘኑ ውስጥ በር ሲፈልጉ ጭሱ ደረሰባቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግድግዳውን አፍርሰው ሲገቡ የሚተነፍሰው እርሱ ብቻ ነበር። ከሟቾቹ አንዷ ከተዳረች ገና ወሯ ነው።

«መርማሪዎች ያንኑ መነጽር አምጥተው አጠለቁለት፤ መስመሩን ብቻ አጠፉት። ሰውዬው መሐል ላይ ቆመ። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ዞረ። በሩ በየት እንደሆነ አላወቀም። ‹ሃያ ጊዜ ወጥቼበት ነበር እኮ› አለ፤ እንባው መነጽሩን ሞላው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራው አልተመለሰም። የሟቾቹ ቤተሰቦች በሚያልፉበት መንገድም አያልፍም።»

መምህሩ ወደ ወጣቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው የተማረው መስመሩን እንጂ ሕንፃውን አልነበረም። ዓይኑ ወለሉ ላይ ስለነበረ አንድም በር ልብ ብሎ አላየም። እየተመራ የሄደ ሰው ስለደረሰ ብቻ መንገዱን ያወቀ ይመስለዋል። አንቺ ግን ዛሬ አራት ጊዜ ስትጠፊ በጨዋታው ውስጥ ያለው መጋዘን ወዴት እንደሆነ፣ የትኛው ኮሪደር እንደሚዘጋ ተላትመሽ አወቅሽ። መስመሩን ያጠፋሁብሽ ለዚህ ነው። ነገ እውነተኛው እሳት ሲመጣ ብቻሽን አትሆኚም፤ አንቺን አምነው የሚከተሉሽ ሰዎች አሉ።»

ወጣቷ መነጽሩን አነሣች።

«በይ አጥልቂው» አሏት። «እዚህ ብትጠፊ የሚሞት የለም።»