የእናት ስም የሌለበት ማውጫ

እስቲ ስሙኝ፤ ዘርትሁን የምትባል ሴት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ እህቷን ማየት። እናቷ ውዴነሽ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ስትገባ የሁለት ወር ልጇን ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥታ ነበር። ይህን የተናገረችው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ልትሞት ስትል ነው።

ዘርትሁን ወደ ማሳደጊያው መዝገብ ቤት ሄደች።

«የልጅቷ ስም ማነው?» አለቻት ጸሐፊዋ ስንዱ።

«አላውቀውም። የማውቀው የእናቴን ስም ነው።»

ስንዱ ኮምፒውተሩ ላይ «ውዴነሽ» ብላ ጻፈች። «አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ዘርትሁን አንገቷን ደፍታ ልትወጣ ስትል፣ ስንዱ እጇን ይዛ ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ወደ ናሁሰናይ ወሰደቻት።

«አልተገኘም ይላል እንጂ መቼ ፈለገና!» አለ ናሁሰናይ። «ኮምፒውተሩ መዝገቡን አያገላብጥም፤ የሚያየው ማውጫውን ነው። ማውጫው ላይ የልጅ ስም እንጂ የእናት ስም የለም፤ እሱ ያለው መዝገቡ ውስጥ ብቻ ነው።»

«ታዲያ አስገባዋ፣ ወንድሜ!» አለች ዘርትሁን።

«ወይዘሮ ትርንጎ ሳይፈርሙልኝ አልችልም።»

ትርንጎ ካልፈረሙ ናሁሰናይ ማውጫውን አይሠራም፤ ማውጫው ካልተሠራ ኮምፒውተሩ አይፈልግም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈለገ ዘርትሁን እህቷን አታይም።

ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ወጣች።

«ልጄ፣ የእናት ስም ማውጫው ላይ እንዳይገባ ያሉት የቀድሞው መዝገብ ያዥ፣ አቶ ደምሰው ናቸው። እሳቸው ይሁን ሳይሉ አልፈርምም።»

ደምሰው ይሁን ካላሉ ትርንጎ አይፈርሙም፤ ትርንጎ ካልፈረሙ ናሁሰናይ ማውጫውን አይሠራም፤ ማውጫው ካልተሠራ ኮምፒውተሩ አይፈልግም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈለገ ዘርትሁን እህቷን አታይም።

አቶ ደምሰውን ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እናቶቹ ልጆቻቸውን ሲያስረክቡ እያለቀሱ ‹ስሜን ማንም እንዳያገኘው› ብለውኛል» አሉ። «እኔም ቃል ገብቻለሁ። እናትሽ ካልፈቀደች ይሁን አልልም።»

እናት ካልፈቀደች ደምሰው ይሁን አይሉም፤ ደምሰው ይሁን ካላሉ ትርንጎ አይፈርሙም፤ ትርንጎ ካልፈረሙ ናሁሰናይ ማውጫውን አይሠራም፤ ማውጫው ካልተሠራ ኮምፒውተሩ አይፈልግም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈለገ ዘርትሁን እህቷን አታይም። እናት ደግሞ ከሞተች ሁለት ወሯ።

ዘርትሁን ሽማግሌውን ልትቆጣቸው አልቻለችም፤ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች እፍረት እሳቸው ዘንድ ነበር።

«አባባ፣ የሌሎቹን ይጠብቁላቸው። የእኔ እናት ግን መጨረሻ ላይ ‹በስሜ ፈልጊያት› ነው ያለችኝ። የትኛውን ቃሏን ነው የሚጠብቁላት?»

አቶ ደምሰው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«የኋለኛውን» አሉ። «ስሙ ይግባ። የሚፈለገው ግን የእናቱን ፈቃድ ይዞ ለመጣ ብቻ ነው። ለሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩ ‹አልተገኘም› እያለ ሰው አያታልል፤ ‹በእናት ስም አይፈለግም› ብሎ እውነቱን ይንገረው።»

እናት ፈቅዳለችና ደምሰው ይሁን አሉ፤ ደምሰው ይሁን ቢሉ ትርንጎ ፈረሙ፤ ትርንጎ ቢፈርሙ ናሁሰናይ ማውጫውን ሠራ፤ ማውጫው ቢሠራ ኮምፒውተሩ ፈለገ፤ ኮምፒውተሩ ቢፈልግ አንድ መዝገብ ወጣ። ፀዳለ ይላል። ግርጌው ላይ «ከስድስት ዓመት በፊት ራሷ መጥታ ቤተሰቧን ጠይቃለች» የሚል ማስታወሻ ከነስልክ ቁጥሩ ሰፍሯል።

ስንዱ ደውላ ስልኩን አቀበለቻት።

«ፀዳለ ነሽ? እኔ… የእናትሽ ልጅ ነኝ።»

«የት ነሽ?» አለች ፀዳለ።

«መዝገብ ቤቱ ነኝ።»

«እንዳትሄጂ! መጣሁ፣ እንዳትሄጂ!»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ በሩጫ ግቢው ውስጥ ገባች። ዘርትሁን እህቷን አየች።