የታኘከው ኮሌታ

«ልጅሽ ከመጮኋ በፊት ምን ታደርጋለች?»

አንዲት ሴት ይህን ተጠየቀች።

«ትጮኻለቻ!» አለች።

«እሱማ ገባኝ። ከመጮኋ በፊትስ?»

ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታች። ልጇ የምትወደውን ወጥ ታውቃለች። በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ታውቃለች። ይህን ግን አታውቅም።

ስሟን አትጠይቁኝ፣ ወገኖቼ። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ዛሬ ፊታችሁ ቆማለች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «ስለ ልጆቹ መዋያ ለወላጆች ንገሪ» ብለው ጠርተዋታል። ግን «አንዲት ሴት» እያልኩ ልቀጥል። «እኔ» ካልኩ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ዛሬ ደግሞ ለማልቀስ አልመጣሁም። ተናድጄ ነው የመጣሁት።

ይህች ሴት ሐመልማል የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት። ሐመልማል ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ዓይኗ እያየ ጓደኛዋን ባጃጅ ገጫት። ጓደኛዋ እግሯ ተሰብሮ ዳነች። ሐመልማል ግን ከዚያ ወዲህ ክፍል መግባት አቃታት። ሰው ሲበዛ፣ ድምፅ ሲበዛ ትጮኻለች። ስትጮኽ ማባበል አይሠራም፤ ቁጣም አይሠራም።

ምን ተባለ? ታውቁታላችሁ፤ እናንተው ናችሁ ያላችሁት። «ቅብጠት ነው።» «መንፈስ ነው።» «አንድ ቀን በደንብ ብትገረፍ ይለቃት ነበር።» እግሯ የተሰበረውን ልጅ ዳቦና ብርቱካን ይዛችሁ ጠየቃችኋት። ደግ አደረጋችሁ። ሐመልማልንስ ማን ጠየቃት? በእሷ ላይ ጄሶ አላያችሁማ! ጄሶ ያልታሰረበት ሕመም በእናንተ ዘንድ ሕመም አይደለማ!

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። በሆስፒታሉ ጓሮ ልጆች የሚውሉበት ቤት አለ። ጭንቀት የበረታባቸው፣ አእምሯቸው የታወከ ልጆች ጠዋት ይመጣሉ። ይጫወታሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፣ አብረው ምሳ ይበላሉ፣ ከባለሙያ ጋር ያወራሉ። ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አልጋ የለውም። የሚያስር ሰንሰለትም የለውም፤ እናንተ ያወራችሁትን ነው የምላችሁ።

የሴትየዋ ባል ላምቤቦ ሳቀ። «ጠዋት ገብታ ማታ ከወጣች ምኑን ታከመችው? ይሄማ ሕፃናት ማቆያ ነው!»

ሴትየዋም ብትሆን የጠበቀችው ወፍጮ ቤት ነበር። እህሉን ሰጥቶ፣ ደጅ ቁጭ ብሎ፣ ዱቄቱን ተሸክሞ መሄድ።

ያን ጥያቄ የጠየቀቻት የቤቱ ኃላፊ፣ ሲስተር ሰናይት፣ ይህን ከፊቷ አነበበችው መሰለኝ።

«እኛ ጋ ትውላለች» አለቻት። «የምታድረው ግን አንቺ ጋ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ወላጆች እዚህ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። አንቺም፣ አባቷም።»

«አባቷ ሥራ አለው።»

«ልጅም አለው። የእኔ እናት፣ ልጅቷን ብቻዋን አክመን ልንሰጥሽ አንችልም። ሁለታችሁም ከቀራችሁ ቦታውን ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ እንሰጠዋለን። አሁን ሂጂና ተመልከቻት። አትቆጪ፣ አትምከሪ፤ ተመልከቻት ብቻ።»

ሐሙስ መጣ፤ ላምቤቦ ቀረ። ሴትየዋ ብቻዋን ሄደች። በዚያ ሰሞን ሐመልማል ማታ ማታ ከበፊቱ ብሶባት ትጮኽ ጀመር። «አየሽ? አባባሱብሽ!» ያላት ጎረቤት ብዛቱ! ሲስተር ሰናይት ግን «ቀን ያመቀችውን ማታ አንቺ ላይ ታራግፈዋለች» አለቻት። «የምታምነው ሰው ላይ ነው የሚራገፈው። ጠብቂው፤ ያልፋል።»

ሴትየዋም ተመለከተች። አንድ ቀን የጎረቤት የቆርቆሮ በር በኃይል ተወርውሮ ተዘጋ። ሐመልማል የሸሚዟን ኮሌታ ወደ አፏ ከተተች። አኘከችው። ትንፋሿ አጠረ። ከዚያ ጮኸች።

ኮሌታው! ያንን የራሰ ኮሌታ ስንቴ አጥባዋለች! «እንደ ፍየል ልብስ ትበያለሽ?» እያለች ስንቴ ተቆጥታለች! ልጅቷ እኮ ስትናገር ነበር። በየቀኑ ስትናገር ነበር። መልሱ እናቷ እጅ ላይ በሳሙና ይታጠብ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ መልሷን ይዛ ሄደች። እዚያም ቀጣዩን አስተማሯት። ኮሌታው አፍ ሲገባ ድምፁን ሁሉ ቀንሺ። ከእሷ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። መዳፍሽን ዘርጊላት፤ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብላ እፍ ትበልበት። አትቸኩዪ። አትያዢያት።

ይህ ነው እንግዲህ ሕክምናው። «ይሄ ብቻ?» ትላላችሁ። እስቲ ልጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ሳትቸኩሉ ቁጭ በሉና አሳዩኝ!

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

«የላምቤቦ ልጅ ሆስፒታል ገባች» ተባለና የእናቶች ኅብረት ለጥየቃ ተነሣ። ደንባችን ነው፤ የታመመ ይጠየቃል። ዳቦ ተገዛ፣ ብርቱካን ተገዛ። መሪያችን እህት ዓለሚቱ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ላምቤቦም መንገድ እየመራ፣ እየዘመሩ ያ ቤት ገቡ። ሐሙስ ነው። ልጆቹ ምሳ ላይ ናቸው።

«የሐመልማል እናት! እንኳን ደረስንልሽ! በሽተኛዋ የታለች?»

«እህት ዓለሚቱ፣ ደጅ ቆዩኝ፣ እመጣለሁ። እዚህ እንደ ዋርድ አይደለም፤ አልጋም የለ...»

«አልጋ ባይኖር ጌታ አለ!»

«ሃሌ ሉያ!» አሉ ሁሉም። አንዱ ትንሽ ልጅ ማንኪያውን ጥሎ ጆሮውን ያዘ።

ሐመልማልን ከበቧት። እጃቸው ጭንቅላቷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ። ድምፁ ጨመረ። ሴትየዋ በሰዎቹ ክንድ መሃል አጮልቃ አየች፤ ኮሌታው አፍ ውስጥ ነው።

«ዝም በሉ!»

«ጸሎት ላይ ነን፣ እህቴ!»

«ዝም በሉ አልኩ! ኮሌታዋን አታዩም?»

«ኮሌታ?» አለች እህት ዓለሚቱ ዓይኗን ገልጣ። «እኛ ከጠላት ጋር እንዋጋለን፣ አንቺ የኮሌታ ነገር ታወሪያለሽ?»

ሴትየዋ በእጆቻቸው ሥር ሾልካ ገባች። መሬት ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ዘረጋች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከድንጋጤም ይሁን ከቁጣ፣ ጸጥ አለ። ሐመልማል የእናቷን መዳፍ አየች። ኮሌታውን ከአፏ አወጣች። እፍ አለች። ደግማ እፍ አለች።

አልጮኸችም።

ደስ አላችሁ? እልል አላችሁ? ምን ያደርጋል! እህት ዓለሚቱ ፊቷ ጠቁሮ «በገዛ እህታችን ተባረርን» አለች። «ዛሬ ልጅሽን ይዘሽ ካልወጣሽ ኅብረታችንን እርሺው።»

ላምቤቦ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ተነሺ» አላት። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ልጅቷን ያዢና ተነሺ።»

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመው፤ የምጠይቃችሁ አለኝ።

ፊደል የለየሁት በጎልማሶች ትምህርት፣ በቅርቡ ነው። ወንጌል ሲነበብልኝ ያላስተዋልኩትን አንድ ነገር ራሴ ሳነብ አየሁት። ያ አባት የታመመ ልጁን ወደ ጌታ ባመጣ ጊዜ፣ ልጁ መሬት ላይ እየተንፈራፈረ፣ ሕዝቡ እየተጋፋ፣ ጌታ መጀመሪያ ምን አደረገ? ጮኸ? አይደለም። አባትየውን ጠየቀው! ይህ ነገር ከያዘው ምን ያህል ጊዜ ሆነ ብሎ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ እሱ ጠየቀ! እናንተ ምንም የማታውቁት ሳትጠይቁ እጃችሁን ጫናችሁ።

እኔ በጸሎት ላይ አልተነሣሁም። እዚያ ቤት ማንም «ጸሎት አቁሙ» አላለኝም። የምቃጠለው በሌላ ነው። ልጅ የምትፈራውን አንዲት ነገር ሳትጠይቁ፣ ያችኑ ነገር ተሸክማችሁ መጥታችሁ ፍቅር ትሉታላችሁ!

ወላጆች፣ እዚያ ስትሄዱ ምን ትጠብቃላችሁ? ዱቄት? አትጠብቁ። ጥያቄ ጠብቁ። የማታውቁትን ትጠየቃላችሁ፤ ታፍራላችሁ። ማታው ሊከፋ ይችላል፤ ጠብቁት። ስትመለሱ ልጁ ብቻ ሳይሆን እናንተም እንድትለወጡ ትጠየቃላችሁ። ይህ ከከበዳችሁ ልጁ ምን ያህል እንደከበደው አስቡ!

አባቶች፣ ኋላ ወንበር ላይ ያላችሁ፣ አትሳቁ። ሐሙስ የእናት ቀን ነው ያላችሁ ማነው? ልጁ በማን ስም ነው የሚጠራው?

እናንተም እህቶች፣ ልጅ ሲጮኽ «ሴት ያሳደገው» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ። ከመጮኹ በፊት ምን ያደርጋል? እናቱ ካላወቀች አብራችኋት ተቀመጡና አብራችሁ ተመልከቱ።

ሐመልማል ዛሬ እስከ እረፍት ድረስ ክፍል ትቀመጣለች። ሙሉ ቀን ገና ነው። ኮሌታዋን ዛሬም አልፎ አልፎ ታኝከዋለች። «ድና ተመለሰች» እንድላችሁ ከሆነ የምትጠብቁት፣ አልልም።

ታሪኩን ልጨርስ።

«ተነሺ» ተብላ ሴትየዋ አልተነሣችም። መዳፏን እንደዘረጋች መሬት ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች።

እህት ዓለሚቱ ወጣች። ኅብረቱ ተከትሏት ወጣ። ዳቦውን ይዘውት ወጡ። ላምቤቦ አንዴ ዞር ብሎ አየና እሱም ወጣ።

ከኅብረቱ አንዲት አሮጊት ብቻ፣ እማማ ጡሩነሽ፣ የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጆሮውን የያዘውን ልጅ ስታባብል የነበረችው ሲስተር ሰናይት ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔን እምነቴ አይደለም ያስቀረኝ፣ ጉልበቴ ነው» አሉ። «ይቺ ወንበር ውጣኝ አልለቅም አለች።» ሐመልማል ሳቀች። እሳቸውም መዳፋቸውን ዘረጉላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም ሳይጠራቸው፣ በዚያው ጉልበታቸው፣ ዳገቱን ወጥተው መጡ። ከዚያ በኋላም ሐሙስ ቀርተው አያውቁም።

የሄዱት እነዚያ ናቸው። የቆዩት እማማ ጡሩነሽ፣ እናትየዋና ሐመልማል ናቸው።