የባላምባራስ መሐረብ

ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር ተስቦ ገባበት ተባለና፣ የከተማው የጽዳት ሹም ባላምባራስ ወልደሰማያት ጎጆዎቹን ሊያስፈርሱ ወረዱ። ሽታው እንዳይነካቸው አፍንጫቸውን በነጭ መሐረብ አፍነው፣ በሚፈርሰው ቤት በር ላይ ሁሉ የኖራ ምልክት ያስቀቡ ጀመር።

በሰፈሩ የምትኖር አንዲት ልብስ አጣቢ በሯ ሲቀባ ብታይ፣ «ጌታዬ፣ የእኔ ቤት እኮ ንጹሕ ነው» አለች።

ባላምባራስ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ሳቁ። «ከዚህ ጉድጓድ የወጣ አንድ ንጹሕ ነገር አሳዪኝና ምልክቱን በገዛ እጄ አጠፋልሻለሁ!»

ሴትዮዋ የደንበኞቿ ልብስ እንዳይደባለቅባት በየጠርዙ ክር ትሰፋበታለች፤ የባላምባራስ ቤት ክር ቀይ ነው። ያ ቀይ ክር አሁን ከአፍንጫቸው ሥር ብቅ ብሏል።

«እሱማ ይኸው፣ አፍንጫዎ ላይ ይዘውታል» አለች። «ሐሙስ ዕለት አጥቤ ለአሽከርዎ የሰጠሁት ነው፤ ክሩን ይዩት። እንግዲህ ቆሻሻ ነው ካሉ ከአፍንጫዎ ያንሡት፤ ንጹሕ ነው ካሉ ደግሞ ኖራውን ከበሬ ላይ ያንሡልኝ።»

ሰፈርተኛው ቆሞ እያየ ነውና ባላምባራስ መሸሻ አጡ። ሌላ ጨርቅ ስላልያዙ ኖራውን በዚያው መሐረብ ጠረጉት።

እሷም እጇን ዘረጋችና፣ «አሁን ቆሽሿል፤ ይተዉልኝ፣ አጥብልዎታለሁ» አለች።