የትሬዛ እልልታ

አንድ የመዘምራን መሪ ነበር፤ ኤርጫፎ ይባላል። በከምባታ ኮረብታ ላይ ባለች አንዲት የካቶሊክ ቁምስና ያገለግላል። ከበሮ ቢዘገይ፣ አንድ ድምፅ ከሌሎቹ ቢያፈነግጥ ጆሮው ወዲያው ይይዘዋል። ለዜማ የነበረው ጥንቃቄ በአካባቢው ሁሉ የተመሰገነ ነበር።

ሚስቱ ትሬዛ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበረች። እንሰት ስትፍቅ ታንጎራጉራለች፤ ልጆቿን ስታጥብ ታዜማለች፤ ላሟንም እየዘፈነች ታልባለች። እሑድ ቅዳሴ ላይ ደግሞ እልልታዋ ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል፤ አንዳንዴም መዝሙሩ ገና ሳያልቅ። ሴቶቹ ተቀብለው ቤተክርስቲያኑን ሲያናውጡት ኤርጫፎ በእፍረት አንገቱን ይደፋል።

ጳጳሱ ለዓመቱ በዓል እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ ሚስቱን ለብቻዋ አነጋገራት።

“ትሬዛ፣ እባክሽ፣ ለበዓሉ ያቺን እልልታሽን ያዢልኝ። ዜማው ይበላሽብኛል።”

“እሺ፣ የሙሉዬ አባት” አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። ትሬዛ አላኮረፈችም፤ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ እንግዳም በፈገግታ ይስተናገዳል። ማንጎራጎሯ ግን ቀረ። ልጆቹም ሳይታወቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። ኤርጫፎ መጀመሪያ ጸጥታው ተመችቶት ነበር፤ እያደር ግን በር ላይ ሲደርስ መግባት እየከበደው መጣ።

በበዓሉ ዕለት መዘምራኑ አንድም ስሕተት ሳይሠሩ ዘመሩ። ጳጳሱም አመሰገኑ። ሕዝቡ ግን እንደ ቆመ ቀረ፤ ያጨበጨበ አልነበረም። ሴቶቹ እየዞሩ ትሬዛን ያያሉ፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ መሠዊያው ትመለከታለች። ኤርጫፎ ያን ሲያይ የተመሰገነበት መዝሙር ሁሉ ቀዘቀዘበት።

ቤት እንደ ገቡ ጠየቃት። “ያዢልኝ ያልኩሽ የቤተክርስቲያኑን ነው። እዚህ ማንጎራጎርን ማን ከለከለሽ?”

“ታዲያ የቤተክርስቲያኑ ከየት የሚመጣ መሰለህ?” አለችው። “ሙሉዬን ትኩሳቱ ሲለቃት፣ ላሟ በሰላም ስትወልድ፣ ያን ሁሉ እያንጎራጎርኩ በሆዴ ይዤ እሄድና እሑድ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰዋለሁ። የማፈስበት ሲከለከል መያዙም አቃተኝ።”

“ባለፈው ክረምት መዝሙሩን መሃል ላይ ያቋረጥሽብኝስ?”

“የሞላውን ወንዝ ተሻግረህ በመጣህ ማግሥት ነበር። ቆመህ ስትዘምር አየሁህና ‘ውሃው ሳይወስደው ቀረ፤ ይኸው በሕይወት አለልኝ’ አልኩ። ከዚያ በኋላ አፌን መግታት አልቻልኩም።”

ኤርጫፎ ያን ቀን አስታወሰ። ከዚያ ጎርፍ ወጥቶ ልብሱን ቀይሮ በቀጥታ ወደ መዝሙር ልምምድ ነበር የሄደው። ስለ ገዛ ሕይወቱ ያመሰገነችለት እሷ ነበረች፤ እሱ ግን በዚያች ምስጋና አፍሮ ነበር። “ይቅር በይኝ” አላት።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ‘ስብሐት ለእግዚአብሔር’ እየተዘመረ ሳለ ኤርጫፎ እጁን ዘርግቶ መዘምራኑን አስቆመ። ወደ ሕዝቡም ዞረና ራሱ እልል አለ። ለምዶት አያውቅምና ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ልጆች ሳቁ፤ መሠዊያው ፊት የቆሙት አባም ፈገግ አሉ። ትሬዛ እንባዋ እየወረደ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ያን የታፈነ እልልታዋን ለቀቀችው። ቤተክርስቲያኑ በአንድ ጊዜ ሞቀ። ኤርጫፎ ከዚያ የበለጠ ያማረ ዜማ መርቶ አያውቅም።

በእግዚአብሔር ፊት የምናሰማው ደስታ የሚበቅለው በየዕለት ኑሯችን ውስጥ ነው፤ በምግብ ሥራው፣ በልጆች እጥበት፣ በሰላም ወጥቶ በሰላም በመግባት። ይህን የምታይና ስለ ሁላችን የምታመሰግን ነፍስ በቤታችን ካለች ትልቅ ጸጋ ነው። እስቲ እናስብ፤ ሥርዓት አስከበርን ብለን ዝም ያሰኘናት እንዲህ ያለች ነፍስ በቤታችን ትኖር ይሆን?