ኤሊ የሸሸገችው ቅጠል

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው በረት ግን ባዶ ነው።

ኤሊና ጃርት ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ አራዊት በቅጠል ላይ እየጻፉ የሚልኩላቸውን ግጥም ይመርጡ ነበር። የተመረጠው ቅጠል ዋርካው ላይ ይሰቀልና መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል። ጃርት ችኩል ነው፤ ያልወደደውን በእሾኹ ወግቶ በዕለቱ ይመልሳል። ኤሊ ግን የወደደችውን መልቀቅ አይሆንላትም፤ ከድንጋይ ልብሷ ሥር ሸሽጋ ደጋግማ ታነበዋለች።

በመስከረም የፌንጣ ቅጠል መጣ። ኤሊ አንብባው አለቀሰች፤ ሸሸገችውም።

ከሳምንታት በኋላ ፌንጣ እየዘለለች መጣች። «እሜቴ ኤሊ፣ የሁሉም ተመለሰ። የኔስ ምን ሆነ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ። እያየነው ነው» አለቻት ኤሊ። «ወድጄዋለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳይሰቀል አይነገርም ብላ ዋጠችው።

«እኔ እኮ ያለኝ ይቺው አንድ መስከረም ናት» አለች ፌንጣ፤ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ኤሊ ማንበቧን ቀጠለች። በኅዳር፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ «ግጥምሽ ተመርጧል» የሚለውን የምሥራች ይዛ በገዛ እግሯ ወጣች። ፌንጣ ሰፈር ስትደርስ ጉንዳኖች አንዲት አረንጓዴ ክንፍ ተሸክመው ሲያልፉ አየች።

«የማን ናት?»

«የፌንጣ» አሏት። «ግጥሜ ባይረባ ነው ዝም ያሉኝ እንዳለች ሞተች።»

ከዚያ ወዲህ ኤሊ ሰው ሲቀርባት አንገቷን ትሰበስባለች። ሰዎች የፈራች ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን ያንን ቅጠል ልታነብ ነው የምትገባው።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ብቻ ቶሎ መልሱ።