አገር ሙሉ የዘጋው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ ዘበኝነት ነው፤ በሩ ብቻ በዓይን አይታይም። በኢንተርኔት ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተር የሚመጣውን አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይመልሳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ሲከፍት ክው አለ። የማይታወቅ ኮምፒውተር ቅዳሜና እሁድን ሙሉ የይለፍ ቃል ሲሞክር ውሏል። ሺህ ጊዜ! ከየት ነው? ኮምፒውተር ሁሉ የአድራሻ ቁጥር አለው፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው አገር እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥም አለ። አየው። ከአንዲት ሩቅ አገር ነው። የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እናንተም ትዘጓታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ!

ሰውየው ምን አደረገ? ያን አንድ ቁጥር ዘጋ? የለም! አገሪቱን ዘጋ። የአገሪቱን ቁጥሮች በሙሉ ከሰንጠረዡ ገልብጦ "ከዚህ የመጣ ሁሉ አይግባ" ብሎ አዘዘ። በማግስቱ ከሌላ አገር ተንኳኳ። እሷንም ዘጋ። ከዚያማ ሳይንኳኳም መዝጋት ጀመረ። በወሩ አርባ አገር ዘግቶ ነበር። "ኧረ አልበዛም?" ሲሉት "ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" እያለ ይስቃል።

በዚያው ሆስፒታል ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ እናት ይታከሙ ነበር። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ናሙና ተወሰደ። ሆስፒታሉ ናሙና የሚያነብ ሐኪም የለውም። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የተነሣውን ፎቶ ውጭ አገር ላለ አንድ ዶክተር ይልካል፤ ዶክተሩም ካንሰር ይሁን አይሁን አይቶ ይመልሳል። በነፃ! ዶክተሩ የት አገር ነው? እዚያችው፣ መጀመሪያ በተዘጋችው አገር። ፎቶው ከዚህ ይወጣል፤ መልሱ ግን በር ላይ ይቀራል።

ወይዘሮ ደብሪቱ በየሐሙሱ ሁለት አውቶቡስ ይዘው ይመጣሉ።

"ውጤቴ መጣ?"

"ገና ነው እማማ፤ ለሐሙስ ይመለሱ።"

ነርሷ ሲስተር አስካል ነገሩ አላማራትም። ኮምፒውተር ክፍል ሄደች።

"ወንድሜ፣ የዶክተሩ መልስ ቀርቶብናል። አንተ ጋ የተዘጋ ነገር ይኖር ይሆን?"

"እኔ ጋ? እኔ የዘጋሁት ሌባ ነው! ደግሞስ ሲስተር፣ በነፃ የሚሠራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ ፎቶ ለምን እንደሚሰበስብ ማን ያውቃል? ይሄኔ የሚፈልገውን አግኝቶ ትቶናል።"

አያችሁ ጥርጣሬን? ቁጥር ጠርጥሮ አይጠግብም፤ ሰው ካልበላ አያርፍም።

ስምንት ሐሙስ አለፈ። በዘጠነኛው ሲስተር አስካል ትዕግሥቷ አልቆ በገዛ ስልኳ ለዶክተሩ ደወለች። ዶክተሩ ጮኸባት። "አሥራ አንድ ጊዜ ልኬያለሁ እኮ! ኢንተርኔት ተቋርጦባችሁ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ካንሰር አለባቸው፣ በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው!"

ሲስተር አስካል ይህን ስትነግረው የኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ መዝገቡን ገለጠ። አሥራ አንዱም አሉ፤ አሥራ አንዱም ተመልሰዋል። ዝቅ ሲል ሌላ ነገር አየ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሌባ ገብቶ የሕሙማኑን መረጃ ገልብጦ ወጥቷል። በየት በኩል ገባ? ቁጥሩ የእኛው አገር ነዋ! የአገር ልጅ ነው ተብሎ ማን ይየው?

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ቀድሞ ቢሆን እብጠቱ ብቻ ይወጣ ነበር፤ አሁን ጡታቸው ተቆረጠ። ሰውየው አልጋቸው አጠገብ ቆመ።

"እማማ፣ መልሱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

"ዶክተሩ ምን አድርጎህ ነበር?"

"ምንም።"

"ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"ታዲያ ልጄ፣ በምኑ ጠረጠርከው?"

ሰውየው እንደ ልጅ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ሌባ የለም አላልኳችሁም። አለ! በራችሁን ጠብቁ። የመጣውን እዩ፣ ሥራውን መርምሩ። እኛ ግን መቼ መረመርን? ቤት ስታከራዩ ገና ሰውየው ሳይቀመጥ "አገርህ ወዴት ነው?" ትላላችሁ። ልጃችሁ እጮኛዋን ስታመጣ ጠባዩን ትታችሁ የአያቱን ስም ትጠይቃላችሁ። አልጠየቃችሁም? እስቲ እውነቱን ተናገሩ! የሰፈራችሁ ሰው ሲያታልላችሁስ "የኛው ነው" ብላችሁ ስንቴ ሸፈናችሁት?

እኔም ከእናንተ አልሻልም። ባለፈው ወር እዚሁ ስሰብክ አንድ እንግዳ መጥቶ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲወጣ ጨበጥኩትና ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የአባቱንም ስም ጠየቅሁት። ለምን ጠየቅሁት? ሲነግረኝ እጁን ለቀቅሁት። እሱም ገባው፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ታሞ ይሁን፣ ተቸግሮ ይሁን፣ ለእኛ የሚሆን ነገር ይዞ ይሁን አላውቅም። ይህን ስነግራችሁ ፊቴ ያፍራል። ዛሬ ከዚህ ስወጣ ቤቱን አፈላልጌ ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ከእናንተ ማን አብሮኝ ይሄዳል?