የእንግዶቹ መመለሻ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ጥበቡ። የከተማው የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊ ውባንተ፣ «ሰክሮ የሚነዳውን እየቀጣሁ፣ መጠጥ ቤቱን በጊዜ እያዘጋሁ፣ ሬሳ ማንሳቱ አልቀረልኝም፤ ምን ጎደለ?» ብሎ ጠይቋቸው ነው።

ሰውየው ባለጸጋ ነው። በየዓመቱ ዝክር ሲዘክር ከገደሉ ማዶ ያሉ ወዳጆቹ በበቅሎ ይመጣሉ፤ «በሞቴ» እየተባሉ ይጠጣሉ። ሲሄዱ እሱ ራሱ እርካብ ይዞ ኮርቻ ላይ ያወጣቸዋል። እንግዳ ማክበር ለእሱ ይኸው ነበር።

አንድ ዓመት አበልጁ ከነበቅሎው ገደል ገባ። ባለጸጋው ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። እርካቡን የያዘለት እሱ ነበራ።

በዓመቱ ሕግ አወጣ። ለአንድ ሰው ከሦስት ብርሌ በላይ እንዳይቀዳ፣ የሰከረም በቅሎው እንዲያዝበት አዘዘ። እንግዶቹ ምናቸው ሞኝ፤ ጠላቸውን ከጎረቤት ይጠጣሉ፣ በቅሏቸውን ከቁጥቋጦ ጀርባ ያስራሉ። ከእነሱ አንዱ በስርቆሽ ሲወጣ ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

«እንዲህ እንዳይሆን አልነበር የደከምኩት?» ብሎ ባለጸጋው ተቆጣ።

«በቅሎዬን ከያዙብኝ በምን ልግባ ጌታው? በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከብቶቼን የሚያስገባልኝ የለም» አለ ሰባራው።

ባለጸጋው መጥራቱን እንጂ መመለሱን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም፤ በራሱ አፈረ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ደጋሹ ካልጠጣ ድግሱ አልሰመረም በሚባልበት አገር፣ ብርሌ ሳይነካ ዋለ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ሰሰተ ብሎ አማው። ፀሐይ ገና ሳለች በቅሎዎቹን አንዱን ከሌላው አስከትሎ አሰረ፣ እንግዶቹን በላያቸው አስቀመጠ፣ የፊተኛይቱን ልጓም ይዞ የገደሉን አቋራጭ ተወና በዙሪያው መንገድ በእግሩ መራቸው። በየደጃቸውም አወረዳቸው። ባለጸጋው አጋሰስ ነጂ ሆነ እያሉ ሳቁበት፤ ግድ አልሰጠውም።

በአበልጁ ደጅ ሲያልፍ ባልቴቲቱ ወጥታ ሰልፉን አየች።

«ምነው ካቻምና እንዲህ ባደረጉት» አለችው። አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

መምህሩ ወደ ውባንተ ዞሩ። «ባለጸጋው አንተ ነህ፣ ልጄ። ቅጣቱም የመዝጊያ ሰዓቱም ደግ ነው፣ አትተወው። ግን የሰከረውን ቁልፉን ስትቀማው በምን ይግባ አልክ? አውቶቡሱ ከመጠጥ ቤቱ ቀድሞ በሚተኛበት ከተማ፣ ሰው በመኪናው ከመሄድ ሌላ ምን ይበጀው? ሂድና አውቶቡሱ መጠጥ ቤቱ ተዘግቶ ሰው እስኪገባ ይሥራ ብለህ ለአለቆችህ ንገራቸው። አውቶቡሱ ካቻምና ለሞተው አይደርስለትም፤ ዛሬ ለሚጠጣው ግን ይደርስለታል።»